የአስቶሪያ ገበታ፦ በኒው ዮርክ የግሪክ ምግብ ቤትን ስለ መምረጥ

በትልቅ ከተማ የግሪክን ምግብ የሚፈልግ ሰው የሚያጋጥመው ችግር የምግብ ቤት እጥረት ሳይሆን የምግብ ቤት ብዛት ነው፤ በተለይ በኒው ዮርክ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባ ደጃፍ በየሰፈሩ ስለሚታይ፣ የግሪኮችን የአመጋገብ ሥርዓት የጠበቀውን ቤት ቀለሙን ብቻ ከተዋሰው ቤት ለመለየት ዕውቀት ያስፈልጋል። የሚከተለው ምልልስ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተቀረጸ ሲሆን፣ ተናጋሪዎቹ የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢን ታሪክ የሚያስተምሩ አንድ አረጋዊ መምህርና ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ኒው ዮርክ ለመሄድ የተዘጋጀች ተማሪያቸው ናቸው። ስለ ማዕድ በምልልስ መጻፍ ከግሪኮች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ በግብፅ የምትገኘው የናውክራቲስ ከተማ ተወላጅ አቴናዮስ ከዛሬ 1800 ዓመት ገደማ በፊት ስለ ምግብና ስለ መጠጥ የጻፈው ሰፊ መጽሐፍ በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሊቃውንት እየተነጋገሩ የሚከራከሩበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪ፦ መምህር፣ ኒው ዮርክ የደረሰ ሰው የግሪክን ምግብ የት ቢበላ ይሻለዋል? የከተማው መጽሔቶች ብዙ ጊዜ የማንሃተንን ታላላቅ ቤቶች ያስቀድማሉ።

መምህር፦ ልጄ፣ የቤቱን ስም ከመጠየቅሽ በፊት የቤቱን ዓይነት መጠየቅ ይገባሻል፤ ግሪኮች ሰው ተቀምጦ የሚበላበትን ቤት ሁሉ በአንድ ስም አይጠሩትምና። ታቬርና የሚባለው ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው፣ ሰዎች ያለ ብዙ ወግ ተሰብስበው በጋራ የሚበሉበት ቤት ነው፤ ዋና ሥራው ዓሣና ሌላ የባሕር ምግብ ከሆነ ፕሳሮታቬርና፣ ሥጋ በከሰል እሳት መጥበስ ከሆነ ደግሞ ፕሲስታሪያ ይባላል። ኡዘሪ በበኩሉ ኡዞን፣ ማለትም አኒስ በተባለው የእንስላል ዘመድ ቅመም የሚጣፍጠውን ብርቱ መጠጥ፣ ሜዜዴስ ከሚባሉ በትንንሽ ሳህን ከሚቀርቡ ምግቦች ጋር የሚያቀርብ ቤት ሲሆን፣ ኤስቲያቶሪዮ የሚለው ስም ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ለተዘረጋበትና መስተንግዶው ወግ ለበዛበት ምግብ ቤት ይሰጣል። ጣፋጭ ከእነዚህ ተለይቶ ዛካሮፕላስቲዮ በተባለ ቤት ይሠራል። ስለዚህ ከፕሳሮታቬርና የበግ ጥብስ፣ ከፕሲስታሪያ ደግሞ ዓሣ የሚያዝ ሰው ቅር ብሎት ቢወጣ፣ ቤቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን እርሱ በማይመለከተው በር ስለ ገባ ነው። በኒው ዮርክ ብዙ ሰው የግሪክ ምግብ ተራ ነገር እንደ ሆነ አድርጎ የሚያወራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህም ለምግቡ ትልቅ በደል ነው።

ተማሪ፦ እነዚህን ዓይነቶች ሁሉ በአንድ አካባቢ ማግኘት ይቻላል?

መምህር፦ ይቻላል፤ ሰፈሩም አስቶሪያ ነው። አስቶሪያ ከማንሃተን በምሥራቅ ወንዝ ተለይቶ በኩዊንስ ክፍለ ከተማ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ የሚገኝ ሲሆን፣ ኤን የተባለው ባቡር በ31ኛው ጎዳና ላይ በብረት ምሰሶ ከፍ ብሎ በተሠራ ሐዲድ እየሄደ ዲትማርስ ቡልቫር እስከሚባለው የመጨረሻ ጣቢያ ይደርሳል። የግሪክ ቤቶቹ በአብዛኛው በዚህ ሐዲድ ግራና ቀኝ፣ በዲትማርስ፣ በ23ኛው አቬኑ፣ በ30ኛው አቬኑና በብሮድዌይ ላይ ይገኛሉ፤ ይህ ብሮድዌይ በማንሃተን ካለው ስመ ጥር ጎዳና የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ግሪኮች በዚህ ሰፈር የበዙበት ታሪክ ከሕግ ጋር የተያያዘ ነው። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከግሪክ በዓመት 100 ሰው ብቻ እንዲገባ ወስኖ ስለ ነበር፣ ቀድሞ ብዙ የነበረው ጉዞ ለረጅም ጊዜ ወደ ጠብታ ተለወጠ፤ በ1965 በአገር የተመደበው ኮታ ሲሻር ግን ከደሴቶቹና ከገጠሩ የተነሡ ቤተሰቦች እንደ ገና ጎረፉ። በአስቶሪያ የቅዱስ ዲሜጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ ስለ ነበረ፣ አዲሶቹ ሰዎች በዙሪያው ሰፈሩ፤ ዳቦ ቤቱ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ቡና ቤቱና ታቬርናውም ተከተሉ።

ተማሪ፦ ነገር ግን መምህር፣ የእነዚያ ስደተኞች ልጆች አብዛኞቹ ሰፈሩን ትተው ወደ ቤይሳይድ፣ ወደ ኋይትስቶንና ወደ ሎንግ አይላንድ እንደ ሄዱ ይነገራል። በሰፈሩ በስታይንዌይ ጎዳና ዛሬ የሚታየው የግብፃውያን ቡና ቤት ነው፤ በብዙ የኒው ዮርክ ማድ ቤቶችም የሚጠብሱት የሜክሲኮና የኢኳዶር ተወላጆች ናቸው። እንዲህ ከሆነ የአስቶሪያ ግሪካዊነት ስም ብቻ የቀረለት አይደለምን?

መምህር፦ ስለ ሰዎቹ የተናገርሽው እውነት ነው፤ ከእርሱ የደረስሽበት ድምዳሜ ግን አያስኬድም። የምግብ ሥርዓት የሚጸናው በምግብ አብሳዩ የትውልድ አገር ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም የሚገዛው ዕቃ፣ አሠራሩን የሚያስተምርና የሚቆጣጠር ሰው፣ ስሕተትን የሚያውቅ ተመጋቢ ናቸው። በ31ኛው ጎዳና ያለው ታይታን የተባለው ትልቅ የምግብ መደብር የልዩ ልዩ አካባቢ ፌታ አይብ፣ ወይራና የወይራ ዘይት ይሸጣል፤ ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱት ቤተሰቦችም ለቤተ ክርስቲያን፣ ለክርስትናና ለገበያ ስለሚመለሱ፣ ታቬርናው ስኮርዳሊያ የሚባለው የነጭ ሽንኩርት ማባያ ቢበላሽበት የሚነግረው ሰው አያጣም። ደግሞም ግሪኮች ራሳቸው በዚህ ከተማ ለረጅም ዘመን የሌላውን ሕዝብ ምግብ አብስለው ያበሉ ናቸው። ዳይነር የሚባሉት፣ እንቁላልና ጥብስ ቀኑን ሙሉ የሚያቀርቡ የአሜሪካ ምግብ ቤቶች በኒው ዮርክ በብዛት በግሪኮች እጅ ስለ ነበሩ፣ በ1963 ሌስሊ በክ የተባለ የወረቀት ኩባያ ነጋዴ እነርሱን ደንበኛ ለማድረግ የጥንት የግሪክ እንስራ የተሣለበትን ሰማያዊና ነጭ የቡና ኩባያ አወጣ፤ ያም ኩባያ የከተማዋ መለያ እስከ መሆን ደረሰ። ግሪካዊው የአሜሪካንን ቁርስ አሳምሮ ከሠራ፣ የሜክሲኮ ተወላጅ ኦክቶፐስን አሳምሮ የማይጠብስበት ምክንያት የለም።

ተማሪ፦ ኦክቶፐስ ከተነሣ ዘንድ፣ የባሕር ምግብ የሚፈልግ ሰው በአስቶሪያ ወደ የትኛው ቤት ይሂድ?

መምህር፦ በዲትማርስ ላይ ያለው ታቬርና ኪክላዴስ ስሙን በኤጌ ባሕር ካሉት የኪክላዴስ ደሴቶች የወሰደ ሲሆን፣ በደጁ በሚሠራው ሰልፍም የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በሥራ ቀን፣ መሸት ሳይል መሄድ ይሻላል። በ31ኛው ጎዳናና በ24ኛው አቬኑ መገናኛ ያለው ኤልያስ ኮርነር ደግሞ የምግብ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ሳይሰጥ፣ እንግዳው በመስታወት ማቀዝቀዣው ውስጥ በበረዶ ላይ የተደረደሩትን ዓሦች አይቶ እንዲመርጥ በማድረግ ለብዙ ዓመታት ታውቋል። ይህ አሠራር ለእንግዳ ሊያስፈራ ቢችልም፣ ከሁሉ ይልቅ ሐቀኛው ነው፤ ዓይኑ ያልደፈረሰና ወደ ውጭ የወጣ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚሞላ፣ የባሕር ውኃ እንጂ ሌላ ሽታ የሌለው ዓሣ ለራሱ ይመሰክራልና። ላቭራኪና ቺፑራ የሚባሉት ነጭ ሥጋ ያላቸው ዓሦች እንዳሉ፣ ከነራሳቸውና ከነአጥንታቸው በከሰል ተጠብሰው ላዶሌሞኖ፣ ማለትም የወይራ ዘይትና ሎሚ ተመትቶ የሚሠራ ማባያ፣ ይፈስባቸዋል፤ ከዚህ ሌላ ኦሬጋኖና ጨው እንጂ ምንም አይጨመርም። የጌላው አርኬስትራቶስ በ4ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ ምግብ በጻፈው ግጥም ጥሩ ዓሣን በብዙ አይብና ቅመም የሚሸፍኑትን አብሳዮች ነቅፏል። ግጥሙ በቁርጥራጭ ሊደርሰን የቻለውም ቀደም ሲል የተጠቀሰው አቴናዮስ በመጽሐፉ ስለ ጠቀሰው ነው። እንግዲህ በአስቶሪያ ዓሣው በሎሚና በዘይት ብቻ መቅረቡ የማድ ቤቱ ስንፍና ሳይሆን ረጅም ዕድሜ ያለው አስተሳሰብ ነው።

ተማሪ፦ የዓሣው ዋጋስ እንዴት ይታወቃል? በዝርዝሩ ላይ የገበያ ዋጋ ተብሎ ብቻ የሚጻፍበት ቤት እንዳለ ተሰምቷል።

መምህር፦ ሙሉ ዓሣ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በክብደት ነው፤ አንድ ፓውንድ 450 ግራም ያህል መሆኑን ማወቅ፣ ዓሣው ወደ እሳት ከመግባቱ በፊትም ተመዝኖ ሒሳቡ እንዲነገር መጠየቅ ነውር ሳይሆን ወጉ ነው። ይህን ጥያቄ በደስታ የማይመልስ ቤት ትቶት መውጣት ይገባል።

ተማሪ፦ እንግዲያው የማንሃተን ቤቶች ምን ጥቅም አላቸው?

መምህር፦ ጥቅማቸውን መካድ አይገባም። በ1987 ፔሪያሊ፣ በ1997 ደግሞ ሚሎስ በማንሃተን እስኪከፈቱ ድረስ ብዙ የከተማው ነዋሪ የግሪክ ምግብን ከርካሽ ሥጋና ከቂጣ አሳልፎ አያየውም ነበር። ሚሎስን የመሠረቱት የፓትራ ከተማ ተወላጅ ኮስታስ ስፒሊያዲስ መጀመሪያ ቤታቸውን የከፈቱት በ1979 በካናዳ በሞንትሪያል ሲሆን፣ ሥራቸው ሁሉ ዓሣው ከየትኛው ባሕር፣ መቼና በማን እጅ እንደ ተያዘ በመከታተል ላይ የቆመ ነበር። ወደ ኒው ዮርክ ሲመጡም ተራው ፕሳሮታቬርና የሚያደርገውን ነገር፣ ማለትም ዓሣን በበረዶ ላይ ዘርግቶ ማስመረጥን፣ በእብነ በረድ ወለልና በከፍተኛ ጣሪያ ውስጥ አደረጉት። በኢስት ቪሌጅ በ2003 የተከፈተው ፒሎስ ደግሞ በጣሪያው ላይ በተሰቀሉት የሸክላ ማሰሮዎች የሚታወቅ ሲሆን፣ የቤት ውስጥ ወጥን በማክበር ይለያል። ነገር ግን የሚሎስ ዋጋ ለተማሪ አቅም ከባድ ነው፤ ደግሞም ከፍ ባለ ዋጋ የሚገኘው ዓሣና መስተንግዶ እንጂ ታቬርናን ታቬርና የሚያደርገው በጋራ ተቀምጦ ረጅም ሰዓት መጫወት አይደለም።

ተማሪ፦ ብዙ ሰው ግን ስለ ግሪክ ምግብ ሲናገር ሙሳካንና ጋይሮን ነው የሚጠራው። እነዚህስ?

መምህር፦ ሙሳካ በደበርጃንና በተፈጨ ሥጋ ድርብርብ የሚሠራ፣ በላዩ በወተትና በዱቄት የሚዘጋጅ ቤሻሜል የሚባል ነጭ ማባያ ፈስሶበት በምድጃ የሚጋገር ምግብ ነው። የደበርጃኑና የሥጋው ክፍል ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሕዝቦች ጋር የጋራ ሲሆን፣ ነጩ ሽፋን ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፈረንሣይ ዘዴ የተማረከው ኒኮላዎስ ጼሌሜንቴስ የተባለ የሲፍኖስ ደሴት ሰው በምግብ መጽሐፉ ያስፋፋው ነው። ይህ ማለት ሙሳካ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የግሪክ ምግብ መመዘኛ አድርጎ መያዙ ግን ያሳስታል። ሙሳካና መሰሎቹ ማዪሬፍታ ይባላሉ፤ ይኸውም ጠዋት በድስት ወይም በምድጃ ተሠርተው በቀን የሚቀርቡ ወጦችና ጋገራዎች ማለት ነው። በአስቶሪያ ብሮድዌይ ላይ ያለው ባሃሪ ለዚህ ዓይነት ምግብ የሚመረጥ ቤት ነው። በእነዚህ ቤቶች አስተናጋጁን ዛሬ ጠዋት የተሠራው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ዝርዝሩን ከማንበብ ይበልጣል።

ጋይሮን በሚመለከት፣ በአሜሪካ መንገዶች የሚታየው የበሬና የበግ ሥጋ ተፈጭቶ በአንድ ግንድ የተጨመቀበት ዓይነት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቺካጎ በፋብሪካ መሠራት የጀመረ ነው፤ በግሪክ የሚበላው ግን የአሳማ ወይም የዶሮ ሥጋ ቁርጥራጭ እየተደራረበ በሚዞር ብረት ላይ የሚጠበሰው ነው። በአልኮል ተለኩሶ በእሳት ነበልባል የሚቀርበው ሳጋናኪ የሚባል የተጠበሰ አይብም በዚያው በቺካጎ፣ ፓርቴኖን በተባለ ምግብ ቤት፣ በ1968 የተጀመረ ትርኢት ሲሆን፣ አይቡ በራሱ ከሎሚ ጋር ብቻ ሲበላ ይጣፍጣል።

ተማሪ፦ መምህር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ በጾም ወቅት ወደ እነዚህ ቤቶች ብትሄድ የምትበላው ታገኛለች?

መምህር፦ ከሌላው ሕዝብ ቤት ይልቅ በግሪክ ቤት ታገኛለች፤ መጠንቀቅ ያለባት ነገር ግን አለ። ግሪኮችም ኦርቶዶክሳውያን ስለ ሆኑ ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም ይጾማሉ፤ የጾም ምግብን ኒስቲሲማ የሚል ስም ሰጥተውታል። የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካ በአንድ እሑድ የሚውል ቢሆንም፣ የኢትዮጵያው ጾም 55 ቀን ስለ ሆነ ከግሪኮቹ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ይገባል፤ በዚያች ሳምንት ግሪኮቹ ሥጋን ትተው ወተትና አይብ ገና እየበሉ ይቆያሉ። ትልቁ ልዩነት በባሕር ምግብ ላይ ነው። በግሪኮች ሥርዓት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና አከርካሪ ያለው ዓሣ ሲከለከሉ፣ ደም የላቸውም የሚባሉት ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ ይፈቀዳሉ፤ በኢትዮጵያ ልማድ ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ በኦሪት ሕግ ስለ ተከለከለ በፍስክም አይበላም። ስለዚህ አንድ የግሪክ አስተናጋጅ ሳህኑ የጾም መሆኑን በቅን ልብ ቢናገርም፣ በሳህኑ ላይ ኦክቶፐስ ሊኖር ይችላል።

ይህን ካወቀች ቀሪው ገበታ ሰፊ ነው። ጊጋንዴስ የሚባለው ከቲማቲምና ከወይራ ዘይት ጋር በምድጃ የሚበስለው ትልልቅ ነጭ ባቄላ፣ ፋቫ የሚባለው ከቢጫ ጥራጥሬ ክክ ተፈጭቶ በዘይትና በጥሬ ሽንኩርት የሚቀርበው ወፍራም ወጥ፣ ሆርታ የሚባለው የተቀቀለ የዱር ጎመን ከሎሚ ጋር፣ በእሳት ተጠብሶ የሚላመው ደበርጃን፣ ሥጋ ሳይገባበት በሩዝና በቅመማ ቅመም ቅጠል የተሞላው የወይን ቅጠል ጥቅልል ለጾም የሚሆኑ ናቸው። ስኮርዳሊያም ከዳቦ ወይም ከድንች፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዘይት ስለሚሠራ ይፈቀዳል። ስፒናች የሞላበት ስፓናኮፒታ ግን ፌታ ስለሚገባበት፣ ዛዚኪ ከእርጎ ስለሚሠራ፣ ታራሞሳላታም የዓሣ እንቁላል ስለ ሆነ ቀርበው ሳይበሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንደ እውነቱ ከሆነ የግሪክ ምግብ ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚታየው በዚህ የጾም ክፍል ነው፤ ጥራጥሬንና ቅጠልን በጥሩ ዘይት ብቻ እንዲህ ከፍ የሚያደርግ ማድ ቤት ጥቂት ነው፤ የኒው ዮርክ የምግብ ጸሐፊዎች ስለ ዓሣው ሲጽፉ ይህን ማለፋቸው ያሳዝናል።

ተማሪ፦ በበዓላቱስ?

መምህር፦ ማርች 25 ለግሪኮች የብሥራት በዓልና በ1821 የጀመረው የነጻነት ጦርነት መታሰቢያ ስለ ሆነ፣ በጾሙ መካከል ዓሣ ይፈቀዳል፤ በዚያን ቀን በጨው የደረቀ ኮድ የተባለ ዓሣ ረጥቦ፣ በሊጥ ተነክሮ ተጠብሶ ከስኮርዳሊያ ጋር ይበላል። በፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ማዪሪጻ የሚባል፣ ከበግ የሆድ ዕቃ፣ ከአረንጓዴ ቅጠልና ከተመታ እንቁላልና ሎሚ የሚሠራ ሾርባ ጾምን ለመግደፍ ይቀርባል። በእነዚህ ቀናት ወደ አስቶሪያ የሚሄድ ሰው ሰልፉን ታግሦ፣ ቦታም አስቀድሞ አስይዞ ቢሄድ የሰፈሩን እውነተኛ መልክ ያያል።

ተማሪ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ታቬርና የሚገባ ሰው ምን ምን ብሎ ይዘዝ?

መምህር፦ ሁለት ነገር ይጠብቅ፦ ብቻውን አይሂድ፣ ለየራሱም አይዘዝ። ምግቡ እንደ ኢትዮጵያ ትሪ መሀል ላይ ተቀምጦ ሁሉ የሚቆርስለት ስለ ሆነ፣ አራት ሰዎች ሁለት ወይም ሦስት ሜዜዴስ፣ አንድ ሰላጣ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ ቢያዝዙ ይበቃቸዋል። ሰላጣው ሆሪያቲኪ የሚባለው የገጠር ሰላጣ ሲሆን፣ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሽንኩርትና ወይራ ይዞ በላዩ ሙሉ የፌታ ቁራጭ ይቀመጥበታል፤ የሰላጣ ቅጠል ከታየበት ቤቱ ለአሜሪካዊ ልማድ የተሸነፈ መሆኑ ይታወቃል። ፌታ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2002 ጀምሮ በግሪክ ለሚሠራው አይብ ብቻ የተጠበቀ ስም ሲሆን፣ ቢያንስ 70 በመቶው የበግ፣ የቀረው የፍየል ወተት መሆን አለበት፤ በአሜሪካ ግን ከላም ወተት የተሠራውም በዚሁ ስም ስለሚሸጥ ማጣራት ይገባል። ለመጠጥ ከሳንቶሪኒ ደሴት ወይን የሚጠመቀው አሲርቲኮ የተባለው ነጭ ወይን ጠጅ ከዓሣ ጋር ይስማማል፤ ሬቺናም አለ፤ እርሱ በጥድ ሙጫ የሚጣፍጥ ስለ ሆነ መጀመሪያ ሊከብድ ይችላል። ኡዞ ውኃ ሲጨመርበት እንደ ወተት ቢነጣ፣ የአኒሱ ዘይት በውኃ የማይሟሟ በመሆኑ ነው እንጂ የተበላሸ አይደለም፤ በባዶ ሆድ ግን አይጠጣም።

ተማሪ፦ ጣፋጩን በዚያው መብላት አይሻልም?

መምህር፦ ታቬርናው በመጨረሻ ሳይታዘዝ ትንሽ ፍሬ ወይም አንድ ቁራጭ ጣፋጭ በነጻ ሊያመጣ ይችላልና ያንን በምስጋና መቀበል ይገባል፤ ዋናውን ግን ለዛካሮፕላስቲዮ ማቆየት ይሻላል። በ31ኛው ጎዳና ላይ ያለው አርቶፖሊስ የተባለው ዳቦና ጣፋጭ ቤት ከዲትማርስ ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬድ ሲሆን፣ ጋላክቶቡሬኮ፣ ማለትም በስስ ሊጥ መካከል የወተት ክሬም ታሽጎ የስኳር ሽሮፕ የፈሰሰበት ጋገራ፣ እንዲሁም በገና ሰሞን በቅቤና በለውዝ የሚሠሩ፣ ስኳር የተነሰነሰባቸው ኩራቢዬዴስ የሚባሉ ብስኩቶች ይገኙበታል። ከእነዚህ ጋር በትንሽ ማንቆርቆሪያ የሚፈላው ቡና ይታዘዛል፤ ስኳሩ ከቡናው ጋር አብሮ ስለሚፈላ፣ ያለ ስኳር ስኬቶ፣ መካከለኛ ሜትሪዮ፣ ጣፋጭ ግሊኮ ተብሎ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል፤ አንዴ ከፈላ በኋላ ማማሰሉ አተላውን ያስነሣዋልና።

ተማሪ፦ ስለዚህ እራት በአንድ ቤት፣ ቡና በሌላ ቤት ማለት ነው።

መምህር፦ በመካከላቸውም ጥቂት የእግር መንገድ አለ። ከታቬርና የወጣ ሰው ዲትማርስን ይዞ ወደ 31ኛው ጎዳና ሲሄድ ሆዱ ለጋላክቶቡሬኮ ቦታ ያገኛል፤ ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራም ቡናውን በጥድፊያ መጠጣት አያስፈልገውም።